የሮዳስ እህት

ሮዳስን መጀመሪያ ራግቢ ሜዳ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታዬ እንዲቆጠርልኝ አይደለም፤ ወይም ደግሞ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ሴዳር ሪቨርሳይድ ጣቢያ ከባቡር ስወርድ፣ ትከሻዋ ሰፊ የሆነ አንዲት ነጭ ልጅ ወረቀት እያደለች «መሮጥ ትችያለሽ?» አለችኝ። «ባቡር ሲያመልጠኝ ብቻ» አልኳት። ሳቀችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። በዚያው ሳምንት ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ ታቅፌ ስሮጥ ዋልኩ። ሦስት ሴቶች ተጋግዘው ጣሉኝ። ተነሣሁና ሳቄን ለቀቅኩት። ቤት ውስጥ ዝምተኛዋ ልጅ፣ የእናቴ የየሺሀረግ ቀኝ እጅ እኔ ነበርኩ። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ሰው ገፍትሬ ማለፍ ተፈቅዶልኛል።

ቦታዬ ክንፍ ነበር። ክንፍ ማለት ከሜዳው ዳር ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ፣ ኳሷ እጁ ስትገባ ደግሞ ሁሉን ጥሎ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ሮጦ የተጋጣሚን መስመር አልፎ ኳሷን መሬት ካስነካ ትራይ ይባላል፤ በእግር ኳስ ጎል እንደማለት ነው። ማልያዬ አሥራ አራት ቁጥር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ነበረች፤ አባቴ ሆርዶፋ ደግሞ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ስለዚህ ታናሽ እህቴን ሮዳስን አስከትዬ ወደ ሜዳ እሄድ ነበር። እኔ በሦስት ዓመቴ ከአገር ቤት የመጣሁ ነኝ። እሷ የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። በአምስት ዓመት እበልጣታለሁ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እኛ ስንጫወት እሷ ዳር ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። አንድ ቀን ኳሷ ከሜዳ ወጥታ እግሯ ሥር ደረሰች። ሮዳስ ብድግ አለችና ኳሷን በአንድ እጇ አንሥታ፣ ከግማሽ ሜዳ በላይ አሻግራ ወረወረችልን። አሠልጣኛችን ኢንግሪድ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ ቆማ አየቻት።

ኢንግሪድ እኔን እንደዚያ ቆማ አይታኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ አስተማርኳት። ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ከአፓርትመንታችን ጀርባ ባለው ፓርኪንግ ውስጥ፣ በቆሙት መኪኖች መካከል እያጠማዘዝኩ አስሮጥኳት፤ አወዳደቅ አሳየኋት፤ ከእሷ የምትከብድን ሴት ወገቧ ላይ ተጠምጥማ እንዴት እንደምትጥል አሳየኋት። በሁለት ዓመት ውስጥ እኔን ራሴን መጣል ጀመረች። በአራተኛው ዓመት ኢንግሪድ አሥራ አራት ቁጥሩን ለእሷ ሰጥታ እኔን «ልምድሽ ከኋላ ይጠቅመናል» ብላ ወደ ተከላካይነት አዛወረችኝ። ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት እናቶች የቪዲዮዋን ቁራጭ በስልክ ይቀባበሉ ጀመር። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ሴት ጉንጬን ስማ ስታበቃ፣ አጠገቧ ለቆመችው ጓደኛዋ «የሮዳስ እህት ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ታውቀኛለች። ስሜን ግን አልጠራችውም።

ሰው ቅናት ሲባል የሚመስለው ጥላቻ ነው። እኔ ሮዳስን ጠልቻት አላውቅም። ከጨዋታ በፊት ሹሩባዋን የምሠራላት እኔ ነበርኩ። አጥብቄ ስጎነጉን «አመመኝ» ትላለች፤ «ቻይው፣ ሜዳ ላይ እንዳይፈታብሽ ነው» እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ አጠብቀው ነበር።

እኔ ሃያ ስድስት፣ እሷ ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነን ከተማችን የሴቶች ፕሮፌሽናል የራግቢ ቡድን ሊኖራት እንደሆነ ተሰማ። እኔ ያኔ ኤደን ፕሬሪ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ምልመላው በግብዣ ነው ተባለ። የሮዳስ ግብዣ አንድ ማክሰኞ መጣ። የእኔም ደብዳቤ በዚያው ቀን መጣ፤ ግን ግብዣ አይደለም፤ የያዙኝም በድሮ ቦታዬ፣ በክንፍ ነው። «የመጀመሪያዋ ተጠባባቂ ነሽ፤ ከተጋበዙት ክንፎች አንዷ ከቀረች እንጠራሻለን» ይላል።

እናቴ የሁለታችንንም ደብዳቤ እንድናነብላት ጠየቀች። የሮዳስን ስትሰማ እልል አለች። የእኔን ሳነብላት «ጎሽ፣ ይኼም ጥሩ ነው» አለችኝ። ይህች «ይኼም» የምትባል ቃል ለቀናት ጆሮዬ ውስጥ ቆየች።

ምልመላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ነበረን። ውጭ በረዶው ገና ስላልቀለጠ የምንሠራው ጣሪያ ባለው ሜዳ ውስጥ ነበር። ሮዳስ አንዲት ግዙፍ ልጅ ልትጥል ዝቅ ስትል ጭንቅላቷ የልጅቷ ጉልበት ላይ አረፈ። ድምፁን ሰማሁት። ሮዳስ ወዲያው ተነሣች፤ እጇንም ደህና ነኝ ብላ አወዛወዘች። ከዚያ ሄዳ ከተጋጣሚዎቿ ጋር ተሰለፈች። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ኢንግሪድ ሌላ ቡድን እያሠለጠነች ስለነበር አላየችም። እኔ አልሳቅሁም።

ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ስንደርስ «ጫማዬን ይዤዋለሁ?» አለችኝ።

«እግርሽ ሥር ነው።»

አንድ መብራት አልፈን «መቅሊት፣ ጫማዬን ይዤዋለሁ?» አለች።

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። በሩን ከፍታ አስመለሰች። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ ስታበቃ ክንዴን ያዘችኝ። ሮዳስ አማርኛ የምታወራው ሲጨንቃት ብቻ ነው።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ኢንግሪድ ካወቀች ምልመላው ቀረብኝ ማለት ነው። በሁለት ቀን ይሻለኛል። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በእነዚያ ሁለት ቀናት መጋረጃውን ዘግታ ተኛች፤ ለእናታችን ጉንፋን ነው አለቻት። እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ በስልኬ ስለ ጉዳቱ አነበብኩ። የተናወጠ አንጎል ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ ሰውን ሊገድል ይችላል ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ቢሆን ደስ ባለኝ። አልነበረም። እፎይታ ነው። ጥሩ ምክንያት አገኘሁ ብዬ ነው የተነፈስኩት። ሮዳስ ከቀረች የምጠራው እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ እንድትቀር ማድረግ ኃጢአት ሳይሆን ጽድቅ ሆነልኝ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ለኢንግሪድ ደወልኩላት። «ሮዳስ ተጎድታለች፤ እየደበቀችሽ ነው» አልኳት። ኢንግሪድ «ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ጎበዝ እህት ነሽ» አለችኝ። አመሰገንኳት። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ሐኪሙ መረመራትና ቢያንስ ለአንድ ወር ሜዳ እንዳትገባ አዘዘ። እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ በዚህ ሁኔታ ምልመላው ላይ ተሰልፋ ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስባት ይችል እንደነበር ነገራት። እናቴ ከክፍሉ ስትወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሮዳስ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ወደ እኛ አልዞረችም።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ የምስክርነት ሰዓት ላይ ወደ መድረክ ወጣች። «ጌታ ልጄን በልጄ አተረፈልኝ» ብላ ጀመረች። መቅሊት የራሷን ጥቅም ሳትመለከት፣ የእህቷን ቁጣ ሳትፈራ እውነቱን ተናገረች አለች። ጉባኤው አሜን አለ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሲያርፍ እኔም አሜን አልኩ። በዚያ ቀን ግን ማንም የሮዳስ እህት ብሎ አልጠራኝም። ሁሉም ስሜን ያውቀው ነበር። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ከአምልኮው አብረን ተመልሰን ቤት ስንገባ ሮዳስ ቀድማኝ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች፣ አሁንም በአማርኛ። «ተጠባባቂዋ አንቺ ባትሆኚ ኖሮ ትነግሪያት ነበር?»

«እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታስቢያለሽ?»

«ትነግሪያት ነበር ወይስ አትነግሪያትም ነበር?»

«እነግራት ነበር።»

መነጽሯን መልሳ አደረገችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ምልመላው ላይ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሉን ፈረምኩ፤ የመጋዘኑንም ሥራ ለቀቅሁ።

የፕሮፌሽናል ሕይወት ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ጠዋት ብረት እናነሣለን፤ ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ በረዶ የሞላበት ገንዳ ውስጥ እስከ አንገት መቀመጥ። ስንሮጥ ማልያችን ጀርባ ላይ የተሰፋች ትንሽ መሣሪያ ፍጥነታችንን ትመዘግባለች። ሰኞ ሰኞ የቅዳሜውን ስህተታችንን ሁሉም ፊት በትልቅ ስክሪን ያሳዩናል። ግማሾቻችን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ እንሠራ ነበር። ጣቶቼ ሁለት ጊዜ ተሰበሩ። ይህ ሁሉ ቢሆንም እነዚያ የሕይወቴ ምርጥ ወራት መሆን ነበረባቸው።

ግን የሚገርመው ነገር፣ ቦታውን ከያዝኩ በኋላም ቅናቱ አልለቀቀኝም። እንዲያውም ባሰበት። ሮዳስ ድና ነበር። በየማለዳው በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ እሰማለሁ፤ ለብቻዋ ልትሮጥ መውጣቷ ነው። እኔ ኳስ ከእጄ ባመለጠች ቁጥር ሮዳስ ብትሆን አታመልጣትም ነበር እላለሁ። ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ የምለው። ሰኔ ላይ የመጀመሪያዬን ትራይ ሳስቆጥር ጓደኞቼ ላዬ ላይ ወደቁ። ከሥራቸው ወጥቼ ወደ ተመልካቹ ስዞር እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «ልጄ ናት!» እያለች በአማርኛ ትጮሃለች፤ አባቴ የማያውቃቸውን ሰዎች እጅ ይጨብጣል። በመካከላቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ያን ጊዜ የቀናሁት ባልተጫወተችው እህቴ ነው። እሷ ያላስቆጠረችው ትራይ ከእኔ ይበልጥብኝ ጀመር።

በዓመቱ ሮዳስ እንደገና ለምልመላ ቀረበች። የእኛም ቡድን ፈለጋት፤ የዴንቨር ቡድንም ፈለጋት። ዴንቨርን መረጠች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ክፍሏ ገባሁ። ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቶ ካልሲዎቿን እያጠፈች ታስገባለች።

«እዚህ ብትሆኚ አብረን እንጫወት ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ለዚያ ነው የምሄደው።»

በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩ። «ዋሽቼሻለሁ። ተጠባባቂ ባልሆን ኖሮ ለኢንግሪድ የምነግራት አይመስለኝም። ምናልባት እነግራት ይሆናል፤ አላውቅም። ያን ቀን ግን ስደውል ያሰብኩት ስለ ጭንቅላትሽ አልነበረም። ስለ ቦታው ነው።»

ካልሲዎቹን አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ የተናደድኩት ስለነገርሻት መሰለሽ?» አለች ቀስ ብላ። «ሐኪሙ ሲያስረዳኝ እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር። ያን ሳምንት ሲንኩ ላይ ተደግፌ የገዛ ጥርስ ብሩሼን ስፈልግ ነበር፤ እጄ ውስጥ ይዤው። መንገርሽ ልክ ነበር። ያናደደኝ ሁሉም ሲያመሰግንሽ ዝም ብለሽ መቀበልሽ ነው። እማዬ ስትመሰክር አሜን አልሽ። አጠገብሽ ነበርኩ፤ ሰማሁሽ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እስካሁን አልቻልኩም» አለች። ከዚያ አንድ ካልሲ አንሥታ ማጠፏን ቀጠለች። «ለእማዬ ንገሪያት። ከነገርሻት በኋላ እናወራለን።»

ሮዳስ በሄደች በሳምንቱ ለእናቴ ነገርኳት። ከሥራ መጥታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። ሁሉንም፣ የመኪናውን፣ የሁለቱን ቀን ዝምታ፣ ሳነብ የተሰማኝን እፎይታ ሳይቀር ነገርኳት። ስጨርስ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር።

«አሁንስ ትቀኚባታለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ እናቶች እንዲህ ማለት ይወዳሉ። አላለችም። «ክፉ ነገር ነው ያደረግሽው» አለች። ፎጣውን አቀበልኳት። እግሯን እየጠረገች «ልጄ ግን ተርፋለች። ምስክርነቴን አልመልሰውም። የአንቺን ድርሻ ብቻ አወጣበታለሁ» አለችኝ። ከዚያ ለሦስት ቀን ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

በዚያው ዓመት ግንቦት የዴንቨር ቡድን ወደ እኛ መጣ። ሮዳስ የግራ ክንፍ ሆና ነበር፤ እኔ የቀኝ። ስለዚህ ሰማንያውን ደቂቃ ሙሉ ፊት ለፊት ቆመን ነበር የምንተያየው። ከፊሽካው በፊት ጨብጣኝ «ጣትሽ ዳነ?» አለችኝ። «ዳነ» አልኳት። ለእናቴ ከነገርኳት ወዲህ ስልክ እንደዋወል ነበር፤ ስለ ልምምድ፣ ስለ አባታችን የደም ግፊት። ከዚያ አልፈን ግን አናወራም ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ እጇ ገባች። በመካከላችን ሰው አልነበረም። ከኋላዬም አልነበረም። ዝቅ ብዬ ጠበቅኳት። ሮዳስ ወዲያ ወዲህ አላለችም፤ በቀጥታ በዳር መስመሩ ላይ መጣች፣ ፍጥነቷንም ጨመረች። ዘልዬ ያገኘሁት የማልያዋን ጫፍ ብቻ ነው። ከጣቶቼ ሾልኮ ወጣ። በግንባሬ ወደቅሁ።

ሣሩ ላይ ተኝቼ የእናቴን እልልታ ሰማሁ። ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ሮጬ ልደርስባት እንደማልችል፣ ጤነኛ ሆኜም፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ቢሆን እንኳ፣ በየትኛውም ቀን ልደርስባት እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ። ቦታውን ሰርቄም ቢሆን የሰረቅኩት የእሷን ፍጥነት አልነበረም። አመመኝ፤ ደግሞ ቀለለኝ። የትኛው እንደበለጠ እስካሁን አላውቅም። ተነሥቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በቀሩት ደቂቃዎች ሁለት ጊዜ ጥያታለሁ፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

ውድድሩ ሲያልቅ ውሌ አልታደሰም። ሃያ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ጉልበቴም ከልምምድ በኋላ ያብጥ ጀምሯል። ወደ መጋዘኑ ሥራ ተመለስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኢንግሪድ ጋር እጫወታለሁ፤ የምትመድበኝ ቦታ ሁሉ ላይ እሰለፋለሁ።

ባለፈው መስከረም ሥራ ላይ ሆኜ ከኢንግሪድ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ሮዳስ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተመርጣለች። ዕቃ መቁጠሪያውን ይዤ በመደርደሪያዎቹ መካከል እንደቆምኩ ያ የማውቀው ነገር መጣ፤ ከደረቴ በታች፣ ልክ እንደ ድሮው፣ አንዲት ቅንጣት ሳይቀንስ። እስኪያልፍ ብጠብቀው ማለፊያ የለውም። መቁጠሪያውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ወደ ጭነት ማራገፊያው በር ወጣሁና ደወልኩላት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እንዴት ነሽ ግን?» አለች፤ ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ቀናሁ» አልኳት።

«በጣም?»

«በጣም።»

ስልኩ ውስጥ ሳቋን ሰማሁት። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ደስ አለኝ» አለች። «እንኳን ደስ ያለሽ ብቻ ብለሽ ዘግተሽ ቢሆን ኖሮ አላምንሽም ነበር።»

አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየተጠጋ ጥሩምባውን ሲያሰማ ጆሮዬን በእጄ ሸፈንኩ።

«ለእማዬ ነገርሻት?» አልኳት።

«ገና ነው። መጀመሪያ አንቺ ትደውያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

«ቆይ፣ መስመር ላይ ላስገባት።»

እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። ስልኩን ስታነሣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምናልባት የተኛ አዛውንት አጠገቧ ይኖራል፣ «ምነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ደህና ነን እማዬ» አልኳት። «ሁለታችንም ነን ያለነው። ሮዳስ የምትነግርሽ ነገር አላት።»

ሮዳስም በአማርኛ ጀመረች።